ግቢው ተነጠፈ፤ የጎርፉ ሒሳብ ለማን ይጻፋል?

በአዲስ አበባ የቤት ገበያ ደላላው ሁሉ ሳይሰለች የሚደግማት አንዲት አባባል አለች፤ «ግቢው ሙሉ በሙሉ የተነጠፈ ነው» የምትለው። ጭቃ የማያስረግጥ፣ መኪና እንደልብ የሚያዞር፣ ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ የሻጩን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ገዢም ይህንኑ አይቶ ደስ እያለው ይከፍላል። በድርድሩ ላይ ስሙ የማይነሳ ሦስተኛ ወገን ግን አለ። እርሱም ከግቢው በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጎረቤት፣ ባለሱቅ ወይም ባለመጋዘን ነው።

ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። 500 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ያረፈው ውሃ 20,000 ሊትር ይሆናል። በ200 ሊትሩ በርሜል ሲመነዘር 100 በርሜል ማለት ነው። መሬቱ ሣርና ለስላሳ አፈር በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውስጥ ብዙው እዚያው ይቀር ነበር። በኮንክሪት ከተሸፈነ በኋላ ግን ከ100ው በርሜል ከ80 እስከ 95 የሚሆነው በበሩ ሥር ሾልኮ መንገድ ላይ ይወጣል። አንድ ግቢ ብቻውን ጎርፍ አይሆንም። ሰፈሩ በሙሉ በዚህ መልክ ሲነጠፍ ግን፣ ለቀድሞው ሰፈር ታስቦ የተቀበረው ቱቦ ይጠበዋል፤ ማንሆሉ ክዳኑን ገፍቶ ይገነፍላል። የተነጠፈው ላይ ነው፤ የሚገነፍለው ታች ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ከሚያልፈው ከእንጦጦ ከፍታ ተነስቶ ወደ አቃቂ ሜዳ ሲወረድ ልዩነቱ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ግማሽ ያህሉም የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ላይኛው የከተማ ክፍል የተቀበለውን ውሃ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከነገባሮቻቸው ይዘውት ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ደቡቡ ደግሞ የመጋዘንና የፋብሪካ ሰፈር ነው። ስለዚህ ቃሊቲ ላይ ሲሚንቶ ወይም ጨርቃ ጨርቅ የከመረ ነጋዴ፣ ጉለሌ ላይ ስለሚነጠፍ ግቢ ምን አገባኝ ማለት አይችልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። የረጠበ ዕቃ፣ ውሃ የገባበት ምድር ቤት፣ ለቀናት የተዘጋ ሱቅ የመሳሰለው ኪሳራ ግን በየነጋዴው ደብተር ተበታትኖ የሚቀር በመሆኑ ተደምሮ አይታይም።

ላዩ ወንፊት፣ ታቹ ጋን

በሌሎች አገሮች ይህን ችግር ለማቃለል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ አስራጊ ንጣፍ ነው። ይኸውም መኪናና እግረኛ የሚችል፣ ነገር ግን የዝናብን ውሃ በላዩ ላይ ከማንሸራተት ይልቅ ወደ ውስጡ የሚያስገባ ንጣፍ ነው። በሦስት መልክ ይሠራል። አንደኛው ደቃቅ አሸዋው ተቀንሶ የተሠራ አስፋልት ነው። ሁለተኛው እንዲሁ ያለ አሸዋ ወይም በጥቂት አሸዋ የተቦካ፣ ከይዘቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ባዶ ቀዳዳ የሆነ ኮንክሪት ነው። ሦስተኛው ራሱ ውሃ የማያስገባ፣ በመካከሉ ግን ክፍተት እየተተወ የሚደረደር ብሎኬት ወይም ድንጋይ ነው።

አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቀዳዳማው አስፋልት በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ የተጠናው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ዋልደን ኩሬ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራው የመኪና ማቆሚያ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። ውሃ የማሳለፍ አቅሙም አያጠያይቅም፤ በደንብ የተሠራ አዲስ ቀዳዳማ ኮንክሪት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይውጣል። እንዲህ ያለ ዝናብ የትም አገር አይዘንብም።

ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ውሃው በዓይን ፊት ሲጠፋ የሚያይ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለላዩ ድንጋይ ይመስለዋል። ላዩ ግን ወንፊት ብቻ ነው። ውሃውን የሚይዘው ጋን ከሥሩ ያለው የጠጠር ንብርብር ነው። ታጥቦ ደቃቁ የወጣለት፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ የተፈጨ ጠጠር በጉድጓድ ሲሞላ፣ በእንክብሎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከጠቅላላው ከ35 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። በዚያው በ500 ካሬ ሜትሩ ግቢ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ቢነጠፍ፣ በዝቅተኛው ግምት እንኳ 52,500 ሊትር ይይዛል። ይህም ከ100 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ ማለት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 100 በርሜል ገብቶበት ከግማሽ በላይ ቦታ ይተርፋል።

ለነጋዴ ሌላም ትርጉም አለው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ወይም ኩሬ መሥራት ቦታ ይበላል። መሬት በሊዝ፣ በካሬ እየተቆጠረ በሚሸጥበት ከተማ ደግሞ ለኩሬ የሚተው ቦታ የለም። በዚህ አሠራር ማጠራቀሚያው ከመኪና ማቆሚያው ሥር ስለሚገባ አንዱ ካሬ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ኮብልስቶኑስ?

ከ2000 ዓ.ም. ዋዜማ ወዲህ የከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኮብልስቶን ሲለብስ ቆይቷል። ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ሰፈሩንም ከጭቃ አውጥቷል። ታዲያ ድንጋዩ በመካከሉ ክፍተት ስላለው ውሃ ያሰርጋል የሚል ግምት በስፋት ይሰማል። ግምቱ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በተለመደው አሠራር ክፍተቱ የሚሞላው በደቃቅ አሸዋ ነው፤ ከሥሩም የሚነጠፈው በሮለር ተጠቅጥቆ የጠነከረ ገረጋንቲ ነው። ገረጋንቲ የሚፈለገው እንክብሎቹ ከትልቅ እስከ ደቃቅ ተደባልቀው ቀዳዳውን ስለሚደፍኑና ስለሚጠብቁ ነው። መንገዱ የሚጠነክርበት ምክንያት ራሱ ውሃ የሚከለክልበት ምክንያት ነው። ክፍተቱም በአንድ በጋ አቧራ ይደፈናል።

ልዩነቱ ስለዚህ በድንጋዩ ላይ አይደለም። ያው ባዛልት፣ ያው ጠራቢ፣ ያው ደርዳሪ ይሠራዋል። የሚለወጠው ክፍተቱ በአሸዋ ፈንታ ደቃቅ በሌለው ጥቃቅን ጠጠር መሞላቱ፣ ድንጋዩ የሚያርፍበት አሸዋም በተመሳሳይ ጠጠር መተካቱና በገረጋንቲው ቦታ የታጠበ ጠጠር መግባቱ ነው። በገበያው 01 እና 02 እየተባለ የሚሸጠው ጠጠር ለዚህ የሚውል ነው፤ ከድንጋይ ወፍጮ የሚመጣው ግን ብናኙ ስላልወጣለት መታጠቡ ግዴታ ነው። በዚህ ፈንታ ቀይ አሸዋ መሙላት በዋጋ ቢያጓጓም፣ ልል የሆነው ዓይነት በመኪና ክብደት ሥር እየተፈረፈረ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል።

ዋልካው

የውጪውን ንድፍ ገልብጦ ለማምጣት ለሚያስብ ኢንቨስተር ትልቁ መሰናክል የአፈሩ ጉዳይ ነው። ብዙው የደቡብና የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል ያረፈው በዋልካ ላይ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ ያብጥና ይዘጋል። ከረጠበ በኋላ በሰዓት የሚያሰርገው ውሃ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ ሂሳብ ጋኑ ውስጥ የገባ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ አፈር ሰርጎ ለማለቅ 40 ሰዓት ይፈልጋል። የክረምት ዝናብ ግን 40 ሰዓት አይጠብቅም። ነገ ከሰዓት በኋላ ዳመናው ሲመለስ 16 ሚሊ ሜትሩ ገና ከሥር ተኝቷል። ሐምሌ ሲጋመስ ጋኑ ሙሉ ይሆናል፤ ሙሉ ጋን ደግሞ ከሲሚንቶ አይለይም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። በጠጠሩ ወለል ላይ የተበሳሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ መውጫው ጠበብ ተደርጎ ወደ መንገድ ቦይ ይለቀቃል። ያን ጊዜ ንጣፉ ውሃ የሚያጠፋ ሳይሆን ውሃ የሚያዘገይ ይሆናል። ማዘግየቱ ቀላል ነገር አይደለም። 20,000 ሊትር በአንድ ሰዓት ሲለቀቅ በደቂቃ 333 ሊትር ነው፤ ያው ውሃ በ24 ሰዓት ሲለቀቅ በደቂቃ 14 ሊትር ብቻ ነው። የከተማን ቱቦ የሚያፈነዳው የዓመቱ ድምር ሳይሆን የዚያች የአንዲት ሰዓት ግፊት በመሆኑ፣ ከታች ላለው ባለመጋዘን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዋልካ በውሃ ሲያብጥ መሠረት ስለሚያነሳና ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ፣ እንዲህ ያለው ጋን ከሕንፃ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ቦታው የማይፈቅድ ከሆነ ከሥሩና ከጎኑ ወፍራም ላስቲክ ይለበሳል። በሌላ በኩል ዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይቀልለዋል። መኪና የሚችል ንጣፍ ለመሥራት ዋልካውን ቆርጦ ማውጣትና በሌላ ሙሊት መተካት ቀድሞም የተለመደ ወጪ ነው። ጉድጓዱ ለማንኛውም ስለሚቆፈር፣ የሚጨመረው በገረጋንቲና በታጠበ ጠጠር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት፣ ቱቦውና አፈሩ ከጠጠሩ ጋር እንዳይቀላቀል የሚለየው ጨርቅ ነው።

በተዳፋት ቦታ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወርድ 20 ሜትር ርዝመት ያለው ግቢ ውሰዱ። 30 ሳንቲ ሜትሩ ጠጠር ተዳፋቱን ተከትሎ ከተነጠፈ፣ ውሃው ወደ ታች ይሸሽና የታችኛው 6 ሜትር ላይ ብቻ ይከማቻል፤ እዚያም ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የተከፈለበት ጠጠር ከስድስት እጅ አምስቱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የጉድጓዱ ወለል በእርከን ካልተሠራ፣ ወይም በየተወሰነ ርቀት ከሥር ግድብ ካልገባለት በስተቀር ገንዘቡ ባክኗል። የኮንሶ ገበሬ ያለ መሐንዲስ የሚያውቀውን ነገር፣ ሽቅብና ቁልቁል በሆነች ከተማ ውስጥ የሚሠራ ተቋራጭ ሊዘነጋው አይገባም።

ጠላቱ አቧራ ነው

ይህ ንጣፍ የሚሞተው በክብደት ሳይሆን በደለል ነው። ድፍኑ በአብዛኛው የሚጀምረው ከላይኞቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ አቧራውን በሚመጥ መኪና ይጠረጋል። እዚህ ግን በየሰፈሩ ሕንፃ ይቆማል፤ ሲኖትራኩ አፈር እያንጠባጠበ ያልፋል፤ በበጋ ነፋሱ ያለውን ሁሉ ያነሳል። ስለዚህ ቀዳዳማ ኮንክሪትና አስፋልት ለጊዜው ለኛ ከተማ የሚመከሩ አይመስሉም። አንዴ ሲደፈኑ ማሽን ይፈልጋሉ፤ ማሽኑ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ክፍተት ያለው ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግን ሲደፈን የላይኛው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጠጠር በእጅ ተጭሮ በአዲስ ይተካል። የቀን ሠራተኛ የሚሠራው ሥራ ነው። በዚህ በኩል የጉልበት ዋጋ ዝቅተኛ የሆነበት አገር ብልጫ አለው።

የማይነጠፍበትም ቦታ አለ። ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያና ላቫጆ ውሃ አስራጊ ንጣፍ ሊሠራላቸው አይገባም። የፈሰሰው ዘይትና ነዳጅ ተከትሎ ይሰርጋልና። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን የምታገኘው በአቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ጉዳዩ የሕግ ብቻ አይደለም። ከባድ የጭነት መኪና በየቀኑ የሚገባበት ግቢም ከፍ ያለ ንድፍና ወጪ ይጠይቃል። በጣም የሚስማማው ለቤት መኪና ማቆሚያ፣ ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ፣ ለትምህርት ቤትና ለእግረኛ መንገድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን ይዞ መምጣቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ክብደት የማይበዛበት ሰፊ ቦታ በከተማው መሀል ተገኝቷል ማለት ነው።

ማን ይክፈል?

እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚያነክሰው። የጠጠሩንና የቱቦውን ዋጋ የሚከፍለው ባለግቢው ነው። ጥቅሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ግን ከታች ያለው ሰው ነው። በተቃራኒው ግቢውን በሲሚንቶ የደፈነ ሰው ጥቅሙን ለብቻው ይወስዳል፤ ወጪውን ለጎረቤት ያስተላልፋል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ የጎንዮሽ ወጪ ይባላል። ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ዋጋ ውስጥ ያልገባ፣ ሌላ ሰው የሚከፍለው ወጪ ነው። በመልካም ጎረቤትነት ብቻ የሚስተካከል አይደለም። የሚሻለውን ንጣፍ የመረጠ ባለንብረት በገበያው ላይ ከሌላው ይልቅ ውድ ሆኖ ይቀርባልና።

አንዳንድ አገሮች ይህን በሁለት መንገድ ለማስተካከል ሞክረዋል። እንግሊዝ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የበጋ ጎርፍ ክፉኛ ከተመታች በኋላ ከጥቅምት 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደንብ አወጣች። የቤቱን የፊት ግቢ ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ውሃ በማያሳልፍ ነገር የሚያነጥፍና ውሃውን ወደ መንገድ የሚለቅ ሰው የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ውሃ አስራጊ ንጣፍ ለሚያነጥፍ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም። ቅጣትም ድጎማም የለበትም፤ አንዱን መንገድ አጭር፣ ሌላውን ረጅም አደረገችው እንጂ።

ጀርመኖች የያዙት የሒሳብ መንገድ ነው። በብዙ የጀርመን ከተሞች የፍሳሽ ክፍያ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው በቆጣሪ የሚታወቀው የተጠቀሙበት ውሃ ነው። ሁለተኛው ከጣሪያና ከተነጠፈ መሬት ወደ ቱቦ የሚገባው የዝናብ ውሃ ሲሆን፣ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ተለክቶ ነው። ውሃ አስራጊ ንጣፍ ያለው ባለንብረት ይቀነስለታል። ፊላዴልፊያም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለንግድ ቤቶች ተመሳሳይ ስሌት ይዛለች። ቀድሞ የዝናብ ውሃ ክፍያ በቆጣሪው መጠን ይሰላ ስለነበር፣ የቧንቧ ውሃ የማይጠቀም ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ምንም አይከፍልም ነበር። በአዲሱ ስሌት ሒሳቡ መጣለት። ባለንብረቶች አስፋልታቸውን በካሬ መቁጠር የጀመሩት ያኔ ነው። በኛ ከተማ የውሃ ሒሳብ የሚታሰበው በቆጣሪ ያለፈው ብቻ ስለሆነ፣ በጣሪያና በግቢ በኩል ያለፈው 100 በርሜል በማንም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

አቅሙን የሚያልፈው

ነገሩን ከልክ በላይ የሚያሞግሱ ሻጮችም መኖራቸው መታወቅ አለበት። ቻይና «የስፖንጅ ከተማ» በሚል እ.ኤ.አ. በ2015 በ16 ከተሞች፣ በቀጣዩ ዓመት በሌሎች 14 ከተሞች የሙከራ ሥራ ጀምራለች። አስራጊ ንጣፍም የዚሁ አካል ነው። የራሷን የስፖንጅ ከተማ ዕቅድ ይዛ ገንዘብ ስታፈስ የነበረችው ዠንግዡ ግን ሐምሌ 20 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደባት። በምድር ውስጥ ባቡር ብቻ 14 ሰዎች ሞቱ። በደቂቃ 100 ሊትር የሚውጥ ወንፊት ቢኖርም፣ ጋኑ ከሞላ ወንፊቱ ምንም አይፈይድም።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደቻቱ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቃትና ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱም፣ ውሃው የመጣው ከከተማው ንጣፍ ሳይሆን ከላይ ካሉት ተራሮች ነበር። እንዲህ ላለው ጎርፍ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ፣ የወንዝ ዳር ክልከላና ማስጠንቀቂያ ነው። አስራጊ ንጣፍ የሚጠቅመው በየክረምቱ ብዙ ጊዜ ለሚመጣው፣ ሱቅ ለሚያስዘጋውና ምድር ቤት ለሚሞላው መካከለኛ ዝናብ ነው። የነጋዴው ኪሳራ የሚጠራቀመውም በዚህ ዓይነቱ ነው።

ቤት ወይም መጋዘን የሚገዛ ሰው ከዚህ በኋላ «ተነጥፏል» ሲባል ቢያንስ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው፣ ውፍረቱስ ስንት ነው፣ ውሃው የሚወጣውስ በየት በኩል ነው? ከግቢው በላይ ያሉት ጎረቤቶች እንዴት እንዳነጠፉ ማየት ደግሞ የራስን ግቢ ከማየት አያንስም። ውሃ አስራጊ ነው የተባለውን በ20 ሊትር ጀሪካን መሞከር ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ሲፈስ ሳይንሸራሸር ከጠፋ ወንፊቱ ደህና ነው። ጋኑን ግን ጀሪካን አያሳይም፤ ሥራው ሲሠራ የተነሳ ፎቶግራፍ ወይም አንድ ድንጋይ አንስቶ መቆፈር ያስፈልጋል። ሻጭ ይህን ካልፈቀደ ዋጋው እንደ ተራ ንጣፍ ይታሰባል።

ለማሠራት ያሰበ ደግሞ ከመስከረም ማለቂያ በኋላ ቢጀምር ይሻለዋል። በክረምት የተከፈተ ጉድጓድ ጠጠር ሳይገባበት ጭቃ ይገባበታል። የሕንፃው ሌላ ሥራ በሙሉ ሳያልቅም ጠጠሩ መፍሰስ የለበትም። አሸዋ የተደፋበትና ሲሚንቶ የተቦካበት ጠጠር እንደገና አይታጠብም፤ ተቆፍሮ ይወጣል እንጂ።